ለቡናው ደረጃ፣ ለፎቶው ዝምታ

የአጋሮ ቡና ነጋዴ ናሙና ሳያይ ቡና አይገዛም። ፍሬውን በመዳፉ ያፍሳል፣ ያሸታል፣ እርጥበቱን ይጠይቃል። ጅማ 5ን ጅማ 4 ነው ብላችሁ ልትሸጡለት ብትሞክሩ ይስቅባችኋል።

እኚሁ ሰው ልጃቸውን ሲድሩ ታዲያ ጅማ ወርደው ግማሽ ግድግዳ የሚሸፍን የሰርግ ፎቶ ያሳትማሉ። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፤ “ስንት ነው?” እና “መቼ ይደርሳል?” በምን ቀለም እንደሚታተም አይጠይቁም። ፎቶ ቤቱም አይነግራቸውም። የኔ ጠብ ከዚህ ዝምታ ጋር ነው።

ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። የፕሪንተር ቀለም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። ዳይ የሚባለው ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነው። ፒግመንት ግን ጀበና ውስጥ እንዳለ የቡና ዱቄት ሳይሟሟ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ጠጣር ነው። የሟሟውን ብርሃንና አየር በቀላሉ ያፈርሱታል፤ ጠጣሩ ላዩ ቢጎዳ እንኳ ውስጡ ይቆያል። ሳሎናችን ውስጥ አንዱ ሙሽራ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ብርቱካናማ የሚሄደው በአስማት አይደለም!

ይህ የኛ ሰፈር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2000 የኤፕሰን 870 እና 1270 ፕሪንተሮች ህትመት አሜሪካ ውስጥ በሳምንታት ወደ ብርቱካናማ እየተለወጠ ደንበኛ አስጮኸ። ጥፋተኛው ከአየር ውስጥ የሚገኘው ኦዞን ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያው ፒግመንት የሚጠቀመውን 2000ፒን ገበያ ላይ አወጣ። እና እኛ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም አንጠይቅም?

ልብ በሉ፤ ዳይ ክፉ ነው አላልኩም። ቀለሙ ደማቅ፣ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ተዘግቶ ለሚቀመጥ አልበም ይበቃል። ብዙ ፎቶ ቤት የሚያውቀው ባለ ስድስት ቀለሙ ኤፕሰን ኤል1800 ዳይ ነው። ጥፋቱ እሱን ለግድግዳ እያተሙ “ዘላለም ይኖራል” ማለት ነው።

ማሽን ለመግዛት ያሰባችሁ የፎቶ ቤት ልጆች ደግሞ ሳጥኑን አትመኑ። የካኖን ፕሮ-200 እና ፕሮ-300 የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው ዳይ፣ ሁለተኛው ፒግመንት ነው። አንዳንዱ የቢሮ ማሽን ደግሞ ጥቁሩ ብቻ ፒግመንት ነው። ስፋትም አለ፤ ፕሮ-300 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል፣ የኤፕሰን ፒ900 43 ይደርሳል፣ የካኖን ፕሮ-2100 61። በውድ ማሽን ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ቀለም ከሞላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ደፋችሁት።

“ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ሳይሠራ ከከረመ ይደፈናል” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ የብር ምንዛሪ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ከብዷል። ግን እያንዳንዱ ፎቶ ቤት ለየብቻው ይግዛ ማን አለ? ጅማ ላይ አንድ ማሽን በማኅበር ገዝቶ የአጋሮን፣ የሊሙ ገነትን፣ የጌራን ሥራ መቀበል ይቻላል። ፎቶው በቴሌግራም ይላካል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ። ሥራ ከበዛለት ማሽኑም አይደፈንም።

“ፎቶው ከደበዘዘ ደግመን እናትማለን” የሚለው መልስ ግን ያናድደኛል። ከየት አምጥታችሁ? ሜሞሪ ካርዱን ለሚቀጥለው ሰርግ አጥፍታችሁታል። የደንበኛው ስልክ ከተሰረቀ ቆይቷል። ሙሽሮቹስ ደግመው ይልበሱ እንበል፤ ከጎናቸው ቆመው የነበሩት፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አባትስ? ሙት ለፎቶ አይነሳም።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ዳይ ወይም ፒግመንት፣ የወረቀቱም ዓይነት። ዋጋው ለሁለቱም ይነገረን፤ መምረጡን ለኛ ተዉት። እናንተም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ፒግመንቱን ከገዛችሁ በኋላም በመስታወት አስገቡት፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት አትስቀሉት፤ እሱም ቢሆን ብረት አይደለም።

ለአንድ ኪሎ ቡና የምናደርገውን ምርመራ ለአባታችን ፊት መንፈግ ነውር ነው።