የአራዳ ነባር ቤቶች ብርድና የኤሌክትሪክ ወጪ ስሌት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ብርድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በርካታ የፒያሳ ቤቶች ቢፈርሱም፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ በነባር የጭቃና የድንጋይ ቤቶች የሚኖረው ሕዝብ ዛሬም ቀላል አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የዋለው የታሪፍ ማሻሻያ ደግሞ በየሦስት ወሩ፣ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚተገበር በመሆኑ ማሞቂያ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ማየቱ በቂ አይሆንም።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት በሰዓት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል የፍጆታው ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በቀን ሦስት ሰዓት ቢሠራ 6፣ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም 50 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ በየቀኑ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ኃይል ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ሲሆን ዝቅተኛው እርከን የሚያበቃው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል።

በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚጎዱት አንድ ቆጣሪ በጋራ የሚጠቀሙ የአንድ ግቢ ነዋሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ቢጠቀምም ድምሩ ወደ ከፍተኛው እርከን ይገባል፤ አንዱ ጎረቤት ማሞቂያ ሲሰካ የሁሉም ሂሳብ ይጨምራል። እንዲህ ላለው ግቢ የመጀመሪያው ማሻሻያ የራስ ቆጣሪ እንዲገባ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ነው።

ከቤቱ አሠራር አንጻር ሲታይ፣ ልስኑ ያልተጎዳ ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣሪያና በበርና መስኮት ክፍተት ነው። ኮርኒስ በመሥራትና ክፍተት በመድፈን የማሞቂያው ሰዓት ከሦስት ወደ አንድ ቢወርድ በወር 120 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። ብዙዎች ይህን በ12 ወር ያባዛሉ፤ ብርዱ ግን አራት ወር ገደማ ስለሆነ ትክክለኛው የዓመት ቁጠባ 480 ነው። ይህ በወቅቱ ታሪፍ ተባዝቶ፣ የሥራው ወጪ ለውጤቱ ሲካፈል ወጪው በስንት ዓመት እንደሚመለስ ይታወቃል። ታሪፉ በጨመረ ቁጥር ጊዜው ያጥራል።

ነገር ግን ከሰል በሚነድበት ቤት ክፍተትን መድፈን ሕይወት ያስከፍላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል ከመኝታ ክፍል ሳይወጣ የሚደረግ ማንኛውም እድሳት ቁጠባ ሊባል አይችልም።

መስታወት በለበሱት አዳዲስ ሕንፃዎች ችግሩ የከሰዓቱ ፀሐይ ነው። በዚያ ከአየር ማቀዝቀዣ በፊት ከመስታወቱ ውጭ የሚደረግ ጥላና የሚከፈት መስኮት ሊታሰብ ይገባል፤ የከተማዋ አየር ለዚህ ምቹ ነውና።

የቀበሌ ቤት ተከራዮች ኮርኒስም ሆነ መስኮት ከመቀየራቸው በፊት የቤቱን አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ በጽሑፍ ሊይዙ ይገባል። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የእድሳት ሥራው በቅድሚያ በቅርስ ባለሥልጣን መጽደቅ አለበት።