«የማትለብሱትን አምጡ» ማለት ይቅር



ነሐሴ ተገባድዶ ጳጉሜን ሲቃረብ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ የሚነበብ አንድ ማስታወቂያ አለ። «የማትለብሱትን፣ ቤት ያጣበበባችሁን አሮጌ ልብስ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አምጡ፤ ለአብነት ተማሪዎች እናደርሳለን» ይላል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ይህን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነቅፈው የሌላ ሰው ሥራ አይደለም። ዘንድሮ ግን ማስታወቂያው በዚህ ቃል መነበብ የለበትም ብዬ እከራከራለሁ፤ በአገልግሎት ጉባኤያችን ላይ ጊዜ አጥሮኝ ያልጨረስሁትን ክርክር እዚህ ልጨርሰው።

አምና በአዳራሹ ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርግተን የመጣውን ልብስ ስንለይ አብራችሁኝ የነበራችሁ ያየነውን አትረሱትም። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ ብብቱ በላብ የወየበ ሸሚዝ፣ የአንድ ምርት ማስታወቂያ የታተመበት ካናቴራ፣ ለሠርግ አንድ ቀን የተለበሰ አብረቅራቂ የሚዜ ቀሚስ፣ ተረከዘ ረጅም የሴት ጫማ። የሚላክላቸው ወንዶች ልጆች እንደ ሆኑ በማስታወቂያው ላይ ተነግሯል። በዚያ ክምር ውስጥ ጉልበቱ የሳሳ፣ የኋላ ኪሱ የተገነጠለ ሰማያዊ ጂንስ ነበረ፤ እርሱ የእኔ ነው። ከጆንያው ስከተው በልቤ ያልሁትን አስታውሳለሁ፤ «ከምንም ይሻላል» ነበር ያልሁት።

በጥቅምት ስምንት ጆንያ ጭነን በደጋ አገር ወደሚገኝ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት ሄድን። የኔታ በደስታ ተቀበሉን፤ ተማሪዎቹም ከጎጆዎቻቸው ወጥተው ዘመሩልን። ጆንያው ተፈትቶ ዕደላው ሲጀመር ልጆቹ አንዱን እያነሡ ለባልንጀራቸው ሲያቀብሉ፣ ባልንጀራውም መልሶ ሲያኖር አየሁ። ከመመለሳችን በፊት የኔታ ወደ ጎን ጠሩኝና «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ደግማችሁ የምትመጡ ከሆነ መርፌና ክር፣ ከተቻለም ጥቂት ሳሙና ብትይዙልን» አሉኝ። በአነጋገራቸው ነቀፋ አልነበረበትም። እኔ ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመኪናው ውስጥ ቀና ብዬ ሰው ለማየት አፈርሁ። ስምንት ጆንያ ሙሉ ልብስ ይዘን ሄደን መርፌና ክር ተለመንን፤ ያስረከብናቸው ሥራ ነበረና።

«ከምንም ይሻላል» የሚለው ቃል ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰጪውን ከመመርመር የሚያድን መጠለያ ነው። ከምንም የማይሻል ነገር በዓለም ላይ የለምና በዚህ ሚዛን የተመዘነ ስጦታ ሁሉ ያልፋል። በነቢዩ በሚልክያስ ዘመን የነበሩ ካህናትም ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ሲያቀርቡ ይህንኑ ሳይሉ አልቀሩም። ነቢዩ የመለሰላቸው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህንኑ እንስሳ ለአገረ ገዥህ ብታቀርብለት ደስ ይለዋልን? የሚል ነው (ሚል. 1፥8)። እኔም ያንን ጂንስ ለመምህሬ፣ ለአጎቴ፣ ወይም ዘወትር ለማከብረው ሰው ልስጠው ብል እጄን ይይዘኝ ነበር። ጌታችን ግን ታርዤ አልብሳችሁኛል ብሎ በፍርድ ቀን የሚመሰክርላቸው እርሱን ራሱን ያለበሱትን እንደ ሆነ አስተምሮናል (ማቴ. 25፥36-40)። እንግዲህ ጂንሱን የላክሁት ለማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

መጥምቀ መለኮት ዮሐንስ ምን እናድርግ ብለው ለጠየቁት ሕዝብ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ብሎ ሲመልስ (ሉቃ. 3፥11) ከሁለቱ አሮጌውን ለይ አላለም። የቆጠረው ቁጥሩን ነው። እኛ ግን የልብሱን ዕድሜ ቆጠርን፤ ዕድሜው ሲያልቅ ደግሞ ትእዛዙ የተፈጸመ መሰለን። ሁለት ልብስ ያለው ሰው አንዱን ሲሰጥ የቀረው አንድ ነው፤ ጥቂት ይጎድልበታል። ካናቴራ ስሰጥ የጎደለብኝ ምን ነበር? የቁም ሣጥኔ መደርደሪያ ሰፋልኝ እንጂ የጎደለብኝ የለም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ በሰበከው ስብከት በሣጥን የተቀመጠውን ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ አድርጎ ይቈጥረዋል። እንዲህ ከሆነ ልብሱን አልብሰን ጨርሰን፣ አሳስተን፣ አወይበን ስንመልስ የሰው ገንዘብ በልተን ቅርፊቱን መመለሳችን ነው።

ደግሞ ጊዜውን ተመልከቱ። ዘመነ ክረምት በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የተማሪው ጎጆ የሚያፈስሰው፣ ያለችው አንዲት ጋቢ በጢስ ላይ ተሰቅላ የማትደርቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እኛ የምንሰበስበው ግን ለዕንቍጣጣሽ የተገዛው አዲስ ልብስ ቦታ ሲፈልግ ነው። ስብሰባው የሚሄደው በእኛ ቁም ሣጥን ቀን መቍጠሪያ እንጂ በብርዱ አይደለም። በኦሪቱ ሕግ የድኃን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ታዝዟል፤ ያው ልብስ መኝታው ነውና (ዘዳ. 24፥12-13)። የአብነት ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ቀን የለበሳትን ማታ ይተኛባታል። ለእርሱ ዐሥር ካናቴራ አንድ ጋቢ አይሆኑለትም።

በጉባኤያችን አንድ ወንድም ጥሩ ተቃውሞ አንሥቶ ነበር፤ መልስ ይገባዋል። «ነቢዩ ኤርምያስን ከረግረጉ ጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ አይደለምን? በምን አወጣው? በአሮጌ ጨርቅና በእላቂ ልብስ አይደለምን?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቻችን ፈገግ አልን፤ እኔም ለጊዜው ዝም አልሁ። ወደ ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን (ኤር. 38፥7-13) ደግሜ ሳነበው ግን ታሪኩ ከእኔ ጋር ሆኖ አገኘሁት። አቤሜሌክ እላቂውን ጨርቅ ልበሰው ብሎ አልሰጠውም። ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው ከሥሩ እንዲያደርገው በገመድ አወረደለት። ጃንደረባው ገና ከጕድጓዱ አፍ ሳይደርስ የነቢዩን የተጐዳ ሰውነት አስቦ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ጕድጓዱ ከመሄዱ በፊት በቤተ መዛግብቱ ሥር ወዳለው ክፍል ገባ። ጨርቁን እንደ ጨርቅ፣ ሰውየውን እንደ ሰው ያየ ሰው ነው። እኛ ጆንያውን ስንሞላ ያሰብነው የማንን ብብት ነበር?

ስለዚህ እላቂ ልብስ ዋጋ የለውም አላልሁም። የራሱ ቦታ አለው። እናቶቻችን ያለቀ ነጠላ ለመሶብ እንጀራ መሸፈኛ፣ ያረጀ ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያ፣ የሳሳ ሸሚዝ ለወለል መወልወያ ያደርጉ ነበር፤ ያደርጋሉም። የቀረውን ልዋጭ ባዩ ይወስደዋል። ልዋጭ ባዩን እያያችሁት ታውቃላችሁ፤ በሰፈራችን በጠዋት እየጮኸ ያልፋል፤ ልብሱን ተቀብሎ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። ነገር ግን ሱሪውን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ፣ ዚፑን ሞክሮ ነው። የማይሆነውን «እማማ፣ ይህ አይሆነኝም» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ልዋጭ ባዩ አይሆነኝም ያለውን ልብስ ነው ለየኔታ ደቀ መዛሙርት «ምጽዋት» ብለን የላክነው። እነርሱ ደግሞ አይሆነንም ለማለት የሚችሉ አይደሉም፤ ዘምረው ይቀበላሉ።

በሌላ ወገን ደግሞ በስልኮቻችን ላይ ዘወትር የሚነገረን ትምህርት አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልለበስኸውን ሁሉ አውጣ፣ ቤትህ ይቅለል፣ አእምሮህም ይረፍ ይላል። ይህም የእኛ ሕግ ሊሆን አይገባም። የዚህ ትምህርት ዓይን በአውጪው ዕረፍት ላይ ነው፤ ባዶ የሆነው መደርደሪያ እንደገና በአዲስ ግዢ ሲሞላ ዝም ይላል። ማስቀመጥ ሁሉ ስስት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮም በእስር ሳለ፣ የዕረፍቱ ጊዜ መቅረቡን እየተናገረ፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ለምኖታል፤ ከክረምት በፊት እንዲደርስም ዐደራ ብሎታል (2ኛ ጢሞ. 4፥13 እና 21)። የሐዋርያው በርኖስ አሮጌ ነበረ ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ብርድ ሊመጣ ነውና ፈለገው፤ በቃ። ባሕታውያን አባቶቻችንም በድሪቶ ላይ ድሪቶ እየደረቱ አንዲቱን ልብስ ዕድሜ ልክ ይለብሷታል። ድሪቶውን ራሳቸው ለበሱት እንጂ ለሌላ ሰው አላለበሱትም። ልዩነቱን ያዙልኝ።

የሐዘን ልብስ ነገርም አለ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ወፍራም የሱፍ ካፖርቱን በቁም ሣጥን ሰቅላ ስድስት ዓመት አኖረችው። ጋቢውንም አስቀመጠች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሰፈራችን ዘበኛ ሌሊት በቀጭን የዝናብ ልብስ ሲያመሽ እኔ ከማኅሌት ስመለስ «ዲያቆን፣ እንዴት አደርክ» ይለኝ ነበር፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፍ ነበር። ካፖርቱን ያሰብሁት አንድም ቀን አልነበረም። ዓምና እናቴ ሣጥኑን ስትከፍት ኮሌታውን ብል በልቶት አገኘችው። ያዕቆብ ሐዋርያ ስለ ባለጠጎች የተናገረው (ያዕ. 5፥2) በድኃ ቤትም ሊደርስ ይችላል። ቍጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ግን ወደ ልብስ ሰፊ ወሰደችው፤ ኮሌታውን አስገለበጠች፣ ገበሩን አስለወጠች፣ ዐጥባ ተኰሰችው። ለዘበኛው ስትሰጠው «የባለቤቴ ነው፤ ስትለብሰው ስሙን አንሣልኝ» ብላ የክርስትና ስሙን ነገረችው። ጋቢውን አልሰጠችም፤ ዛሬም በራስጌዋ አለ። እኔ በዚህ ላይ የምናገረው የለኝም። መታሰቢያ ይኑር፤ ግን ለመታሰቢያ አንድ በቂ ነው፣ ሙሉ ቁም ሣጥን መታሰቢያ ሊሆን አይችልም። እናቴ ለዘበኛው ያወጣችው የልብስ ሰፊ ሒሳብም ለእኔ ከብዙ ስብከት በላይ አስተምሮኛል።

በመጽሐፍም ቢሆን ልብስን በመስጠት የተመሰገነችው ጣቢታ በኢዮጴ ለነበሩ መበለቶች ራሷ ትሠራላቸው ነበር። ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ያንን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያሳዩ አለቀሱ (ሐዋ. 9፥39)። የእኛን ጆንያ ይዞ ማንም ለማንም እያሳየ አያለቅስም። ሐናም ለልጇ ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)፤ ልጅ ያድጋልና በዓመቱ ልኩ ይለወጣል። የአብነት ተማሪዎቹም ልጆች ናቸው፤ ልካቸውን ግን ጠይቀን አናውቅም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። አባባሉ ልብስ ቀን አለው ማለት ነው። የአምናው የጥምቀት ልብሳችን ዘንድሮ በሌላ ሲተካ፣ ገና ነጭ ሳለ፣ ጥልፉ ሳይደበዝዝ፣ የእርሱ ሁለተኛ ቀን ያ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ከወየበ በኋላ የሚወጣ ከሆነ ቀኑ አልፎበታል። እኔ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ይህን ያየሁት በአንድ ተመራቂ ወንድም ነው። ከቆላ አገር የተመደበ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በጥቅምት ብርድ ከመኝታ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት በአንሶላ ተጠቅልሎ ሲሄድ አይቶ፣ ለራሱ የገዛውንና በዚያው ሰዓት የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ሰጠው። እርሱ ቀሪውን ዓመት በሹራብ ብቻ አሳለፈ። ሲመረቁ በየአልጋው ሥር ትተውት ከሚሄዱት የልብስ ክምር ጋር ሳነጻጽረው አንዱን ስጦታ፣ ሌላውን ጥራጊ ከማለት በቀር ቃል አላገኝም።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። ቃሉ «ከምትለብሱት አካፍሉ» ይሁን። ጊዜው ወደ ሰኔ መጀመሪያ ይምጣ፤ አስቀድሞም ለየኔታ ተደውሎ የልጆቹ ቍጥርና ልክ ይጠየቅ። ልብስ ማካፈል የማይችል የአንድ ጋቢ ዋጋ ከጓደኞቹ ጋር ያዋጣ፤ ተማሪ ነኝና የተማሪ ኪስ አውቃለሁ፣ አምስት ሆነን እንችላለን። በአዳራሹ በር ላይም ጠረጴዛ ይቀመጥ። የመጣው ሁሉ በፊት ለፊታችን ይዘርጋ፤ አምጪው «ይህን ለብሰህ እሑድ ቅዳሴ ትቆማለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሰው ይቀየማል፣ ስብሰባው ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ስምንቱ ጆንያ ሁለት ቢሆን የመኪናው ኪራይም ይቀንስልናል። መርፌ፣ ክርና ሳሙና ግን ከዚህ በፊት በራሳችን መዋጮ ተገዝቶ መድረስ ያለበት ዕዳችን ነው።

ጉባኤው ከተቀበለው በጠረጴዛው ላይ በመጀመሪያው እሑድ ተረኛው እኔ ልሁን። አንድ ሹራብ ይዤ እመጣለሁ፤ ከሁለቱ የምወደውን። እናንተም ዘርግታችሁ እዩልኝ።