ልጃችሁ በራሷ አንደበት ትናገር

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ስዊት ብራየር የሚባል አነስተኛ የሴቶች ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2015 አስተዳዳሪዎቹ በገንዘብ ችግር ሊዘጋ መሆኑን አስታወቁ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ግን ተሟግተው፣ በጁን ወር 12 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምተው ከመዘጋት አተረፉት።

እንዲህ ባለ ኮሌጅ የእያንዳንዷ ተማሪ መምጣት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የተማሪ ቅበላ ቢሮው ሠራተኞች የትምህርት ማስረጃዋን፣ የመምህሮቿን ደብዳቤና ስለ ራሷ የጻፈችውን አንድ በአንድ ያነባሉ፤ ይደውሉላታል፤ ግቢውን ያስጎበኟታል። ከተቀበሏትም በኋላ «እመጣለሁ» እስክትል በጉጉት ይጠብቃሉ።

ታዲያ ጽሑፉን አባት ከጻፈላት፣ ሲጠይቋትም እናት ከመለሰችላት፣ ልጅቷን በምን ያውቋታል? የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ስለ ክፍያው አስቀድማችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። የገንዘብ ድጋፉን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡ፤ ምን ያህሉ ስጦታ፣ ምን ያህሉ ብድር እንደሆነ ለዩ። ስጦታው አይመለስም፤ ብድሩ ግን ከነወለዱ ከምረቃ በኋላም ይከተላታል።

ዛሬ ከእራት በኋላ «አንቺ ምን መማር ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷንም ሳታቋርጡ ስሟት።