በረኛው ብቻውን አይሸነፍም

በአገራችን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚባል አነጋገር አለ። ይህ አነጋገር በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ጎል በገባ ቁጥር ሲፈጸም አይቻለሁ። ኳሷ መረብ ከመንካቷ ተጫዋቹም ተመልካቹም በአንድ ድምፅ በረኛው ላይ ይጮኻል። እኔ ግን ይህ ልማድ ቡድንን የሚያፈርስ እንጂ የሚያርም አይደለም እላለሁ።

ለዚህ የሚበጀን ምሳሌ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ተጋጣሚያችን ግብፅ ነበረች። ግብፅ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ፣ ሁለቱንም ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋን ዋንጫውን ወስዳለች። ስለዚህ የእኛ ቡድን ወደ ሜዳ የገባው በእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ስምንት ጎል ተቆጥሮበት፣ አንድም ሳያስቆጥር ነበር።

በዚያም ቀን በ35ኛው ደቂቃ በዳዊ የተባለው የግብፅ ተጫዋች አስቀድሞ አገባ። የእኛ ልጆች ደክመው ደክመው በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆኑ። ደስታው ግን አልቆየም፤ በ75ኛው ደቂቃ ያው በዳዊ ሁለተኛውን አገባ። መነቃቀፍ ቢፈልጉ ኖሮ ጊዜው ያ ነበር። እነርሱ ግን ኳሷን መሐል ሜዳ አድርገው እንደገና ጀመሩ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡ። ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ሰው ሁሉ የጎል አግቢዎቹን ስም ያነሣል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ቈጠርኩ። ከ75ኛው ደቂቃ እስከ 120ኛው ድረስ፣ ይኸውም ለ45 ደቂቃ ያህል፣ የኢትዮጵያ መረብ አልተነካም። ሁለት ጊዜ የተከፈተ በር እንደገና የተዘጋው በስድብ ሳይሆን ሁሉም በየቦታው ቆሞ ስለጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ባለፈው ዓመት በክፍሎች ውድድር 4 ለ 3 እየመራን ሳለን ሁለት ጎል ገብቶብን 5 ለ 4 ተሸነፍን። የመጨረሻዋ ኳስ በበረኛችን እግር መሐል አለፈች። ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩበት እኔ ነበርኩ። ነገር ግን ያችን ኳስ ለተቃራኒው ቡድን በስሕተት ያቀበልኳት እኔው ራሴ ነኝ፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ያ ጓደኛችን ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ ወርዶ አያውቅም። ኳስ በረኛው ዘንድ የምትደርሰው ዐሥር ሰው አልፋ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩም።

አንዳንድ ሰዎች «በረኛ ካልተወቀሰ አይማርም» ይላሉ። መታረሙ ይገባል፤ ነገር ግን ጊዜና ቦታ አለው። በባቲ የሰኞ ገበያ የተጫነ ግመል ሲወድቅ ያላየ ከእኛ መሐል ማን አለ? በአጠገቡ ያለው ሁሉ፣ ከቆላ የመጣውም ከደጋ የወረደውም፣ አስቀድሞ ጭነቱን አውርዶ ግመሉን ያነሣል። ማን አጥብቆ እንዳልጫነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያተኛው የሚያውቀውን ይህን ሥርዓት እኛ ተማሪዎች እንዴት እንዘነጋዋለን?

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ ጎል ሲገባብን ኳሷን ከመረብ የሚያወጣት በረኛው ብቻ አይሁን፤ ከተከላካዮቹ አንዱ ሄዶ ያውጣለት፣ ትከሻውንም መታ አድርጎ ያበረታታው። መምህሮቻችን እርማቱን ከጨዋታው በኋላ ቢያደርጉልን፣ ወላጆቻችንም ከዳር ሆነው ጩኸታቸውን ለማበረታቻ ቢያደርጉት መልካም ነው። እኔም በዚህ መጽሔት ፊት ጓደኛዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሚመጣው ውድድር በሩ ላይ እንዲቆም እለምነዋለሁ፤ ከፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ።