በሙጫ የታሸገ ባትሪ
የእጅ ስልክ ባትሪ ቀድሞ ክዳኑ በጥፍር ተከፍቶ የሚወጣ፣ ሲደክምም በሌላ የሚተካ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በአዲስ አበባ የጥገና ሱቆች የስማርት ስልክ ባትሪ ሲቀየር ባለሙያው በመጀመሪያ የጀርባውን መስታወት አሙቆ ሙጫውን ያላላል፣ ቀጥሎም ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ በጠርዙ በኩል እያንሸራተተ፣ መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ትንፋሹን ውጦ፣ በዝግታ ይፈለቅቀዋል። አፕል በ2007 እ.ኤ.አ. ባትሪው በእጅ የማይወጣ አይፎን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሳምሰንግም በ2015 ጋላክሲ ኤስ6ን አሽጎ አወጣ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት፣ ማለትም ስልኩን ማሳሳትና ውኃ እንዳያስገባ ማድረግ፣ ሐሰት አይደለም (ቀዳሚው ኤስ5 ግን ክዳኑ በእጅ እየተከፈተም ውኃን ይቋቋም ነበር)። ይሁን እንጂ ሊቲየም አዮን የተባለው፣ የሊቲየም ቅንጣቶች በሁለት ዋልታዎች መካከል ሲመላለሱ ኃይል የሚይዝና የሚለቅ ባትሪ፣ በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ከሌሎቹ ክፍሎች ቀድሞ እንደሚያረጅ አምራቹ አሳምሮ ያውቃል፤ ይህንኑ ክፍል መርጦ በሙጫ ማሸግም ሸማቹ ደኅና ስልኩን ጥሎ አዲስ እንዲገዛ የሚገፋ አሠራር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ ከ2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ባትሪውን ራሱ አውጥቶ መተካት እንዲችል ያስገድዳል፤ ስልክ በሚገባባትና በሚገጣጠምባት ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ግዴታ ሊደነገግ ይገባል።