የእጥበቱን ውሃ ቦይ ሳይሆን በርሜል ይቀበለው



በሰፈራችን መግቢያ ላይ ልጆቻችን ተደራጅተው መኪና በማጠብ እንደሚተዳደሩ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራው የባልዲና የጨርቅ በነበረበት ጊዜ ብዙም የሚያስቸግር ነገር አልነበረውም። የግፊት ማጠቢያ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ግን ጭቃው፣ የሳሙናው አረፋና የሞተር ዘይቱ ቁልቁል እየወረደ የሰው ደጃፍ መሙላት ጀመረ። በዚህም ምክንያት ነዋሪው ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ «ይነሱልን» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «የድሃ ልጅ ሠርቶ ይብላ፤ ውሃው እንደሆነ ሄዶ ወንዝ ይገባል» ይላል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን ልክ አይደለም። ልጆቹም ይሥሩ፣ ውሃውም አይፍሰስ። ይህ የሚሆነው የእጥበቱን ውሃ ከመሬት ላይ እየመጠጠ በርሜል ውስጥ የሚያጠራቅም መሣሪያ በራሳችን እጅ ስንሠራ ነው።

በመጀመሪያ «ወንዝ ይገባል» ለሚሉት ልመልስ። የእኛ ቦይ ወደ ቀበና ይወርዳል። ቀበና ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። አቃቂም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አዋሽ ይገባል። ታዲያ በመንገዱ ላይ ገበሬው በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያለማል። ያ ጎመን የት የሚሸጥ ይመስላችኋል? እኛው ገበያ ነው እኮ! ከደጃችን ያባረርነው ዘይት በዘንቢል ተመልሶ ቤታችን ይገባል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብክለትን ከልክሏል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራው ቢዘጋ የሚጎዱት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

«ይነሱልን» የሚሉትንም ልጠይቅ። ተነሥተው የት ይሂዱ? ከላይኛው ሰፈር ቢሄዱ ያው ውሃ ወደዚሁ ወንዝ ይወርዳል። ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ልጆቹም የእኛው ልጆች ናቸው፤ ሥራ ፈትተው ቢውሉ ለማን ይበጃል?

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። ነገሩ የሚያስፈራ ጥበብ አይደለም። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ በርሜል ላይ የመምጠጫ ሞተር ይገጠማል። ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ውጭ ሲያወጣ በጎማው በኩል የውጭ አየር ሊተካ ይሮጣል፤ ውሃውንና ጭቃውንም እየጎተተ ይገባል። ውሃው ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወድቃል፣ አየሩ በሞተሩ በኩል ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጎማው ወፍራም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በተቻለ መጠንም አጭር ቢሆን ይመረጣል።

ውሃውን በየአቅጣጫው እያሳደዱ መምጠጥ ግን ድካም ነው። ስለዚህ በድሮ ከመነዳሪ አሸዋ ሞልቶ ከቁልቁለቱ በታች እንደ እባብ ማጋደም ነው። ውሃው እዚያ ይቆማል፤ ጎማው ካለበት ሆኖ ይመጠዋል። አንድ ማሽን በደቂቃ 10 ሊትር ውሃ ቢረጭ 200 ሊትር በርሜል በ20 ደቂቃ ይሞላል። የሞላ በርሜል ክብደቱ ከ2 ኩንታል በላይ ስለሆነ ተሸክሞ መድፋት አይታሰብም። ከሥሩ መክፈቻ ያለው ቧንቧ ይበየድለት።

ይሁን እንጂ በርካሽ እናድርገው ብለን ልናልፋቸው የማይገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በርሜሉ የብረት ይሁን። 1 ሜትር ተኩል ውሃ ወደ ላይ ለመሳብ የሚችል ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ የውጭው አየር በ200 ሊትር በርሜል ክዳን ላይ ከ3 ኩንታል ተኩል በላይ ይጫናል። ያን ያህል ጤፍ ክዳኑ ላይ እንደ መደርደር ነው። ስስ ክዳን ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በያጁ ከሥሩ በፌሮ ያጠናክረው።

ሁለተኛ፣ የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ሞተር አይሆንም። እሱ የሚቀዘቅዘው በሚመጥጠው አየር ስለሆነ እርጥበት ሲገባበት ይቃጠላል፤ ሰውም ሊይዝ ይችላል። ለውሃ የተሠራው ሞተር ግን የማቀዝቀዣ አየሩ ለብቻው ነው። ጠንከር ያለ ቢመረጥም ይበጃል። ምክንያቱም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሠራውን ሞተር እዚህ ስናመጣው የመሳብ ኃይሉ ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ይወርዳል። በተጨማሪም ሁለት በርሜል ይቀጠል፤ አንደኛው ውሃውን ይቀበላል፣ ሞተሩ ደግሞ በሁለተኛው ላይ ይቀመጣል። የሳሙና አረፋ ቢያመልጥ እንኳ ሁለተኛው በርሜል ላይ ይቀራል እንጂ ሞተሩ ጋ አይደርስም።

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪኩ። ውሃና 220 ቮልት ጎረቤት ሲሆኑ ቀልድ የለም። የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ መስመሩ ሲያፈስ ወዲያውኑ የሚቆርጥ መሣሪያም ይገጠምለት። ገመዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ውሃ ላይ የሚጎተት መሆን የለበትም። ይህን ሥራ ባለሙያ ይሥራው፤ ልጆቹ አይሞክሩት።

አራተኛ፣ ቤንዚን አይመጠጥ። ሞተሩ ሲዞር ብልጭታ ያወጣል፣ የቤንዚን እንፋሎት ደግሞ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ሞተር በቤንዚን የማጠብ ልማድም ከእንግዲህ ይቅር።

የተጠራቀመው ውሃስ? ተያይዘው በተቀመጡ ሦስት በርሜሎች ውስጥ ይረፍ። ጭቃው ከታች ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መካከሉ ወደሚቀጥለው በርሜል ያልፋል። ዘይቱ በሰጋቱራ ይነሣ። የጠራውን ውሃ ጎማና የመኪና ሥር በባልዲ ለማስለቀቅ እንደገና መጠቀም ይቻላል። ወደ ግፊት ማሽኑ ግን አይመለስ፤ ደቃቅ አሸዋው ፓምፑን ይበላዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ባልዲ ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። ዘይት የነካው ሰጋቱራና ዝቃጭም ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ለብቻው ይጠራቀም።

«ለምን የተሠራውን አንገዛም?» የሚል ይኖራል። ገንዘቡ ካለ ደግ ነው። ግን ሲበላሽ መለዋወጫ ፍለጋ ስንት ወር ሊቆም ነው? እዚሁ የተሠራ ግን እዚሁ ይጠገናል። በርሜሉ ምናለሽ ተራ ይገኛል፣ በያጅ በሰፈራችን አለ። ዋናው ወጪ ሞተሩና የኤሌክትሪኩ ዕቃ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንድንነጋገርበት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሞተሩን ዋጋ ማኅበሩ ያበድር፤ ልጆቹ ከሚታጠበው መኪና ጥቂት ጥቂት እያሉ ይመልሱ። ብረቱንና ብየዳውን አቅም ያለው ነዋሪ በዕቃም በጉልበትም ያግዝ። ደጃፉ በጭቃ የተቸገረው ሰው ከስድብ ይልቅ አንድ አሮጌ በርሜል ቢያዋጣ ቶሎ ይገላገላል።

ክረምቱ ገብቶ ቦዩ ሲሞላ ብንጯጯህ ዋጋ የለውም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና አሁኑኑ እንጀምር። በስብሰባው ላይ ሁላችሁም እንድትገኙ አሳስባለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ