ጥፍሩ የጠቆረው ተማሪ



«ካልተማርክ ጋራዥ ነው የምትገባው!» የውጤት ካርድ በሚሰጥበት ቀን ይህን ማስፈራሪያ በቢሯችን በር ላይ ያልሰማንበት ዓመት የለም። እኛ መምህራኑም ብለነዋል። ዘንድሮ ቃሉን የምናነሣው ግን መልሰን ልንውጠው ነው።

በቤታችን ግቢ አንዲት የ1972 እ.ኤ.አ. ቮልስ ለዓመታት ቆማ ነበር። ባለፈው የነሐሴ ዕረፍት ከልጆቻችን ጋር ልናድሳት ተነሣን። ቮልስ ለጀማሪ የምትመች መኪና ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙትም አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ባትሪውን ፈታን፣ የቤንዚኑን ቱቦ ዘጋን፣ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን መኪናዋን በጠንካራ ድጋፍ ላይ አስቀምጠን ሞተሩን አወረድን።

ልጆቹ በዚያ ዕረፍት የተማሩትን በክፍል ውስጥ ለማስተማር ብዙ ደክመናል። ዐሥርዮሽ ቁጥር የማትወደው ልጃችን የባልቦላውን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ለማድረግ ደጋግማ ለካች፤ ትንሽ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ምን እንደሚሆን የጠየቀችው ራሷ ናት። ወንድሟ በኪሪንያጋ መንገድ መለዋወጫ ሲገዛ በስዋሂሊ መከራከር ቻለ። የተፈታው ብሎን ሁሉ ስም ተጽፎበት በጣሳ ተቀመጠ።

ሞተሩ ተመልሶ ሲገጠም ግን አልነሣም አለ። ያስላል፣ ይተኩሳል፣ ይጠፋል። ሁለት ቅዳሜ ለፋን። የካንዴላዎቹን ሽቦዎች ስንፈታ ተራቸውን አልጻፍንም ነበር፤ ስንመልሳቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለን ሰካን። ከዚህ የበለጠ ትክክል ምን አለ?

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ጥፍሩ ጠቁሮ ስለመጣ ከባንዲራ ሰልፍ አውጥተን ወደ ቤቱ መልሰነዋል። ለምን እንደጠቆረ አልጠየቅነውም። ማታ ማታ አባቱን በጋራዥ ይረዳ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። አሁን ሰኞ ጠዋት በሰልፉ ፊት የቆምነው እኛ ራሳችን ጥፍራችን ጠቁሮ ነበር። ልጁ አየና ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ሞተር እየሠሩ ነው?» አለ። ችግሩን ነገርነው። በጣቱ እየቆጠረ፣ «ቮልስ ከሆነች አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። እንደ ደብተር አይቆጠርም» አለን።

ማታ ሁለት ሽቦዎች አቀያየርን። ሞተሩ ተነሣ። በማግስቱ በሰልፍ ፊት የገሠጽነውን ልጅ በሰልፍ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።

አንዳንድ ወላጆች፣ «እኛ ከአገር ወጥተን የምንለፋው ልጆቻችን እጃቸው እንዳይቆሽሽ ነው» ትሉን ይሆናል። ድካማችሁን እናውቃለን። ተማሪ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ይዋል የሚል ሐሳብም የለንም። ነገር ግን ጋራዥን የሰነፍ ልጅ ቅጣት ስናደርገው ሁለት ልጆችን እንጎዳለን፦ አንዱ እጁን መጠቀም ያፍራል፣ ሌላው በአባቱ ያፍራል። ባለሙያን በሥራው መስደብ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው፤ አጼ ምኒልክ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በምንኖርባት ናይሮቢ በፀሐይ ላይ የሚሠሩትን ባለሙያዎች «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። መኪናችን መንገድ ላይ ስትቆም የምንጠራው እነሱን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነው። የመኪናችሁን ኮፈን ስትከፍቱ ወንድ ሴት ሳትሉ ልጆቻችሁን ጥሩ። ካቻቢቴውን ያቀብሉ፣ ዘይቱን ይለኩ፣ ይሳሳቱ። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደማይነሣ፣ የተቃጠለ ዘይትም አፈር ላይ እንደማይደፋ አስተምሯቸው።

እኛም በበኩላችን፣ ጥፍሩ የጠቆረ ተማሪ ስናይ ሳሙናውን ከማቀበላችን በፊት ምን ሲሠራ እንደዋለ እንጠይቀዋለን።